አባትን ማንበብ፦ ስለ ሁለት የመንገድ ልቦለዶች

የሳይንስ ተማሪ ከባድ ልቦለድ የሚያነበው ለምንድን ነው? ጥያቄውን ያነሳችልኝ አንዲት የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ናት። ደምበል ሕንፃ ውስጥ፣ የቦሌን መንገድ ቁልቁል በሚያሳይ አንድ ካፌ ተቀምጬ ሳነብ አገኘችኝ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ሁለት መጻሕፍት አገላብጣ ካየች በኋላ «መምህር፣ እነዚህ ምን ያረጋግጣሉ?» አለችኝ። «ምንም አያረጋግጡም» አልኳት። «እንግዲያስ አጭር ማስታወሻቸውን ይስጡኝና ልገላገል» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ነገር ግን መልሴ እኔንም አላረካኝም። ይህ ጽሑፍ ለእርሷና እንደ እርሷ ለሚጠይቁ ሁሉ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ሁለቱም መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሁለቱም ስለ ወላጅና ልጅ፣ ስለ ረጅም መንገድም ይተርካሉ። ሁለቱም አንባቢን ያደክማሉ።

የመጀመሪያው የአሜሪካዊው የሮበርት ፒርሲግ «ዜንና የሞተርሳይክል ጥገና ጥበብ» ነው። ፒርሲግ እ.ኤ.አ. በ1968 የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ክሪስን ከኋላው አስቀምጦ ከሚኒሶታ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በሆንዳ ሞተርሳይክል ተጉዞ ነበር። ያንን ጉዞ መነሻ አድርጎ የጻፈውን መጽሐፍ 121 አሳታሚዎች እንዳልተቀበሉት ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ታትሞ ከወጣ በኋላ ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቅጂዎች ተሸጠ። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። ጉዞው እየጣመ ሲሄድ በመካከሉ ሂዩም፣ ካንትና ፖይንካሬ ይገቡና መንገዱ ዳገት ይሆናል። በሦስተኛው ሙከራ የያዝኩት ዘዴ ቀላል ነበር፤ በቀን ከአሥር ገጽ በላይ አላነብም፣ ያልገባኝንም ገጽ ሳልደግም አላልፍም። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ለእኛ ለሳይንስ ሰዎች መጽሐፉ ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሚጥልልን ምግብ አለ። የተራኪው የጉዞ ጓደኛ ውድ የሆነ ቢኤምደብሊው ሞተርሳይክል አለው፤ መሪው እየላላ ያስቸግረዋል። ተራኪው ከቢራ ጣሳ ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ ቆርጦ ቢያስገባበት እንደሚጠብቅ ይነግረዋል። ጓደኛው ይከፋዋል፤ እንዴት እንዲህ ያለ የጀርመን ሞተር በቢራ ጣሳ ይጠገናል! አንደኛው ያየው ለስላሳና የማይዝግ ብረት ነው፤ ሁለተኛው ያየው የተጣለ ጣሳ ነው። ሶማሌ ተራ የሚሠራ መካኒክ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ በማን ላይ እንደሚስቅ መገመት አያዳግትም። እኔን ግን ያሳሰበኝ የራሳችን ተማሪ ነው። በቤተ ሙከራ የተሰጠው መሣሪያ ሲበላሽ «ዕቃው የለም» ብሎ ሪፖርቱን የሚዘጋ ተማሪ ያየው ጣሳውን ነው፤ ስለ አሉሚኒየም ባሕርይ በፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ጥልቅ ጉዳይ ይህ አይደለም። ተራኪው በአንድ ወቅት የአእምሮ ሕመም ደርሶበት በኤሌክትሪክ ንዝረት የታከመ ሰው ነው፤ ከሕክምናው በፊት የነበረውን ማንነቱን እንደ ሌላ ሰው ቆጥሮ «ፌድረስ» ይለዋል። ፌድረስ በልጅነቱ ባዮኬሚስትሪ ለመማር ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ እጅግ ብሩህ የሆነ ወጣት ነበር። ከትምህርቱ ያባረረው አንድ ትዝብት ነው። አንድን ክስተት ለማስረዳት መላምት ሲያወጣ ሌላ መላምት ይመጣለታል፤ ያንን ሲመረምር ደግሞ ሌሎች ሦስት ይወለዳሉ። ሙከራ አንዱን በጣለ ቁጥር የቀሩት ይበዛሉ እንጂ አያንሱም። እንግዲህ ሳይንስ ወደ አንድ እውነት የሚጠጋው እንዴት ነው? ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዱሄም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተቀራራቢ ነገር ተናግሮ ነበር፤ ሙከራ አንድን መላምት ብቻውን ነጥሎ አይፈትንም፣ ከጀርባው ያሉትን ግምቶች ሁሉ አብሮ ነው እንጂ። ሊቃውንቱ ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ሲከራከሩበት ወጣቱ ግን ከዩኒቨርሲቲ ወጣበት።

ከኋላ የተቀመጠውስ ልጅ? ክሪስ ሆዱን ያመዋል። ሐኪሞች ምክንያቱን አላገኙም፤ የአእምሮ ሕመም ጅማሬ ሊሆን ይችላል ብለዋል። አባት የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ቫልቩ መላላቱን ያውቃል፤ ስለ አንድ ብሎን ብዙ ገጽ ይናገራል፤ የልጁን ዝምታ ግን ማንበብ አይችልም። ልጁም በጉዞው ሁሉ የሚያየው የአባቱን ጀርባ ነው። መጨረሻው ላይ ክሪስ በእግር ማሳረፊያው ላይ ቆሞ ከአባቱ ትከሻ በላይ መንገዱን የሚያይበት ቦታ አለ፤ ይህን መንገሬን አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ እስከዚያ ድረስ በእግሩ ያልሄደ ሰው ምንነቱ አይገባውም። ለተማሪዬ አጭር ማስታወሻ የማልሰጣትም በዚህ ምክንያት ነው። ማስታወሻው «ልጁ ቆመ» ይላል፤ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ተቀምጦ ጀርባ ማየቱን ግን አይሰጥም። እውነተኛው ክሪስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በዘራፊዎች ተገድሏል። ይህን እያወቁ መጽሐፉን እንደገና መክፈት ከባድ ነው።

ስለ መላምቶች መብዛት ፒርሲግ ያነሳውን ጥያቄ ግን እኔ በሚገባ የተረዳሁት ሁለተኛውን መጽሐፍ ሳነብ ነው፤ ደራሲውም የእኛው ሰው ነው። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በሁለት ዓመቱ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ኢሊኖይ ክፍለ ሀገር ፒኦሪያ በምትባል ከተማ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ልቦለድ «ሃው ቱ ሪድ ዚ ኤር» ይባላል፤ «አየርን እንዴት ማንበብ ይቻላል» ብንለው ያስኬዳል። ዮሴፍና ማርያም የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ በስደት ምክንያት ከተጋቡ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ተለያይተው ኖረዋል። አንድ የመስከረም ቀን ከፒኦሪያ ተነሥተው ወደ ናሽቪል፣ ቴነሲ፣ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይጓዛሉ። ልጃቸው ዮናስ ገና አልተወለደም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አባት ሞቷል፤ የዮናስም ትዳር እየፈረሰ ነው። ያን ጊዜ ሥራውን ትቶ ወላጆቹ በሄዱበት መንገድ ይሄዳል። በቤታቸው ቁጣና ዱላ ነበረ፤ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋል።

የዮናስ ችግር የመረጃ ማጣት ነው። አባት ሳይናገር ሞተ፤ እናት አትናገርም። ስለዚህ ዮናስ ይፈጥራል። የአባቱን ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል መውጣት፣ በመርከብ ሣጥን ውስጥ መደበቁን፣ በአንድ የኒው ዮርክ ትምህርት ቤት ለሚያስተምራቸው ልጆች ቀን በቀን ይተርክላቸዋል፤ አብዛኛው የራሱ ፈጠራ ነው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያደምጣሉ። ከዚያ በፊትም በስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሲሠራ የጥገኝነት ጠያቂዎችን ታሪክ እያሳመረ ይጽፍ ነበር። እዚህ ላይ ማንኛውም የሳይንስ ሰው ይቆጣል። ያልተለካን ቁጥር በሠንጠረዥ ውስጥ መጻፍ በእኛ ዘንድ ከስንፍና የከፋ ኃጢአት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍም ያስሰርዛል።

እኔም ተቆጥቼ ነበር፤ ግን ቁጣዬ አልዘለቀም። መላምት ምንድን ነው? ያላየነውን እንዳየን አድርገን የምናቀርበው ታሪክ አይደለምን? ልዩነቱ ሁለት ነገር ላይ ነው። መላምት «እኔ መላምት ነኝ» የሚል ምልክት ግንባሩ ላይ ለጥፎ ይወጣል፤ የሚያፈርሰው ማስረጃ ሲመጣም ለመሞት ዝግጁ ነው። የዮናስ ታሪክ ምልክት የለውም። በክፍሉ ውስጥ ሲተርክ «ምናልባት» አይልም። እኔ እንደማነበው ደራሲው ይህን ጉድለት አይሸፍንለትም፤ ውሸቱ ከትዳሩም ከሥራውም ሲያጋጨው ያሳየናል። ነገር ግን ያው ዮናስ ብቻውን በወላጆቹ መንገድ ሲሄድ የሚፈጥረው ታሪክ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ የሚያታልለው ሰው የለም። አባቱን ለመጥላት ብቻ የሚበቃ ማስረጃ በእጁ ነበረ፤ ያንን ይዞ መቆም ሲችል ሌላ ሊሆን የሚችል አባት ይፈልጋል። መላምቶች መብዛታቸው ፌድረስን ከሳይንስ አባረረው፤ ዮናስን ግን ወደ አባቱ መለሰው። ይህ ልዩነት ብዙ ቀን አሳስቦኛል።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንድ ምሽት ይህንኑ መጽሐፍ ይዤ እዚያው ደምበል ተቀምጬ ሳለ ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ መወዛወዝ ጀመረ። ቀና ስል አምፖሉም ይወዛወዛል። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ጥቂቶች ወደ ደረጃው ሮጡ። በዚያ ሰሞን በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገርንም። እኔ ግን በልማድ ቆጠራ ጀምሬ ነበር።

ስለ ቆጠራው ላስረዳ፤ ወደ ልቦለዱ ይመልሰናል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለት ዋና ዋና ሞገዶችን በመሬት ውስጥ ይልካል። ፒ የተባለው ሞገድ በመሬት ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ኤስ የተባለው ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሰከንድ ከምንጩ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ መራቃችንን ይነግረናል። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ወደ 130 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ልዩነቱ 15 ወይም 16 ሰከንድ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ጣቢያ የሚሰጠን ርቀትን ብቻ ነው፤ በካርታው ላይ ክብ እንሥላለን፣ መንቀጥቀጡም በክቡ ላይ የትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ጣቢያ ሲጨመር ሁለት ነጥቦች ይቀራሉ። ቦታውን ለመለየት ቢያንስ ሦስት ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ፤ ያም ሆኖ ሦስቱ ክቦች በአንድ ነጥብ የሚገናኙት በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ ነው። በተግባር በመካከላቸው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይቀራል። ጥሩ ተመራማሪ ያንን ሦስት ማዕዘን አይደብቅም።

ዮናስ አንድ ጣቢያ ብቻ ያለው ሰው ነው።

በአገራችን ይህን ሥራ ከሠሩት መካከል የአራት ኪሎውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም የሚጠቀስ ነው። መሣሪያ ላልነበረባቸው ዘመናት ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻ፣ የሰዎችን ምስክርነት ሰበሰቡ። ጣራ ወደቀ የሚለውን፣ ደወል በራሱ ጮኸ የሚለውን ሁሉ እየመዘኑ የሚቻላቸውን ያህል ደረጃ ሰጡ። የመሣሪያ ንባብ የለም ብለው ያለፉትን ዘመናት ባዶ አላደረጉም፤ ባዶውንም በፈጠራ አልሞሉም። በዮናስና በቁጡው የሳይንስ መምህር መካከል መቆሚያ ቦታ ቢኖር ይህ ይመስለኛል።

አሁን ይህ ሁሉ ለምን እንዳስጨነቀኝ መናገር ይገባኛል። አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ፊያት የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይነዳ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ክረምት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እስከ ሚሌ ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞኝ ሄዷል። ከአባቴ ጋር ብቻችንን የሆንበት ረጅም ጊዜ ያ ነው፤ ረዳቱ እንኳ አብዛኛውን መንገድ ተኝቶ ነበር። መተሐራ ከመድረሳችን በፊት፣ የፈንታሌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መንገዱን ግራና ቀኝ በሚከብበት ቦታ፣ አባቴ መኪናውን ጥግ አስይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ወደ ድንጋዩ ጥቂት ገባ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ በልጅ ልክ በጣም ረጅም ነበር። ተመለሰ፣ አስነሣ፣ ሚሌ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላም አልጠየቅሁትም፤ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

የጎማ ጉዳይ ነበር? ጎማ የሚያይ ሰው ጎማ ያያል። በዚያ ቦታ ጓደኛው ሞቶ ይሆን? በዚያ ዘመን በየመንገዱ የቀረ ሾፌር ጥቂት አይደለም። ወንድሙ ሰሜን ዘምቶ ነበር፤ መርዶ በዚያ ሰሞን ሰምቶ ይሆን? ወይስ ድካም ብቻ? ዝርዝሩን ባስረዘምኩት ቁጥር ፌድረስን ያስመረረው ነገር በእኔም ላይ ይደርሳል።

ወደ ቦታው ሄጃለሁ። ዮናስ በወላጆቹ መንገድ ሲሄድ መንገዱ ራሱ ብዙም እንደማይነግረው ያወቅሁት ከማንበቤ በፊት ነው። በእኔ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር ተጨመረ። ከጥቁሩ ድንጋይ ጎን ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ምክንያቱ ከመስኖ እርሻ የሚመለሰው ውኃ ነው የሚሉ አሉ፤ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ እንቅስቃሴ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ድርሻ እንዳላቸው የሚያስቡ ይበዛሉ። እዚህም መላምቱ ብዙ ነው። ውኃው መንገዱን እየተጋፋ መንገዱ ከፍ ተደርጎ እንዲሠራ አስገድዷል። አባቴ የቆመበት ቦታ ከውኃ በላይ ይሁን በታች መለየት አልቻልኩም።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ እናቴ ከኖረችበት ቤት ለቀቀች። ዕቃ ስናወጣ የአባቴ የነዳጅ ደብተር ተገኘ። አባቴ በሥርዓት የሚመዘግብ ሰው እንደነበር ያን ቀን ተረዳሁ፤ ቀን፣ ከተማ፣ ናፍጣ በሊትር፣ ብር። የእኛ ጉዞ ቀን ተጽፏል። አዳማ ላይ ቀድቷል፣ አዋሽ ላይ ቀድቷል። መቆሙ አልተጻፈም።

ለተማሪዬ የምመልስላት እንግዲህ ይህን ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የተባለው ኮርስ መሰጠቱ መልካም ነው፤ የተሳሳተ ክርክርን ለይተው እንዲያውቁ ያደርጋል። ነገር ግን ኮርሱ በአሥራ ስድስት ሳምንት ያልቃል፣ በየምዕራፉ መጨረሻም መልስ ያላቸው ጥያቄዎች አሉ። እነዚህ ሁለት ልቦለዶች የሚያለማምዱት በቂ ማስረጃ በሌለበት፣ ምናልባትም ፈጽሞ በማይገኝበት ሁኔታ፣ ጥያቄውን ሳይጥሉ መቆየትን ነው። ይህ ልምምድ በማስታወሻ አይገኝም፤ መቆየቱ ራሱ ነው ትምህርቱ። ያለ እርሱ የሚያድግ ተመራማሪ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ባዶውን ሣጥን በማይታይ ቁጥር ይሞላል፣ ወይ ሊለካ የማይችለውን ሁሉ እንደሌለ ይቆጥራል። ሁለተኛው ዓይነት ሰው በግቢያችን ይበዛል፤ የሚከበርም እርሱ ነው።

መሬት ከተንቀጠቀጠበት ምሽት በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። ደኅንነቷን ከጠየቅሁ በኋላ በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ መቆም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ልጄ፣ አባትህ እኮ መንገድ ላይ ሞተር አያጠፋም ነበር» አለችኝ በመጨረሻ፤ «አልነሣ ይለኛል ብሎ ይፈራ ነበር።» እኔ ግን ያንን ጸጥታ አስታውሳለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው እርሱን ነው። ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል፣ ወይም ያን ቀን የማያደርገውን አድርጓል።

ረዳቱ አሁን በእድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ኮምቦልቻ እንደሚኖር ሰማሁ። ተኝቶ ነበር ብዬ ጽፌያለሁ፤ ይህንንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስልኩን አግኝቼዋለሁ።